የሶፍትዌር ጥገኝነትን የሚከታተል ግራፍ ዳታቤዝ እንዴት ይነደፋል? ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ ፍተሻው

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ሎግፎርጄ በተባለው የጃቫ ላይብረሪ ውስጥ ከባድ የደህንነት ቀዳዳ መኖሩ ይፋ ሆነ። ስሙ ሎግፎርሼል፣ በዓለም አቀፉ የደህንነት ቀዳዳዎች መዝገብ (ሲቪኢ) መለያው ሲቪኢ-2021-44228 ነው። አጥቂው ሎግ (ፕሮግራሙ የሚሰራውን የሚመዘግብበት) ውስጥ የሚገባ አንድ አጭር ጽሑፍ ልኮ ሰርቨሩ ላይ የራሱን ኮድ ማስኬድ ይችል ነበር። በዚያ ሰሞን በየአገሩ ያሉ የሶፍትዌር ቡድኖች አንድ ጥያቄ ይዘው አደሩ፦ «እኛ ጋ የት የት አለ?»

ለብዙዎች መልሱ ቶሎ አልተገኘም። ጉግል በዚያው ወር ባወጣው ትንታኔ ችግሩ የነካቸው የጃቫ ፓኬጆች ከ35,000 በላይ ነበሩ። ይህ ሜቨን ሴንትራል በሚባለው ትልቅ የጃቫ ማከማቻ ውስጥ ካሉት ፓኬጆች ከ8 በመቶ በላይ ነው። ከተነኩት ከ80 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ ደግሞ ቀዳዳው ከአንድ ደረጃ በታች ተቀብሮ ነው የተገኘው። የተጠቀሙበት ላይብረሪ ሌላ ላይብረሪ ይጠቀማል፣ ያም ሌላ ይጠራል። የአብዛኞቹ አምስት ደረጃ ወደ ታች ነበር።

ግራፍ ዳታቤዝ ለእንዲህ ዓይነት ሰንሰለት የተመቸ ነው። ግን ዳታቤዙን መጫን ብቻውን ለውጥ አያመጣም። ሞዴሉ ከተበላሸ መሣሪያው በልበ ሙሉነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። በእኔ እምነት ከምንም በላይ የሚወስነው ፋይል ላይ የተጻፈውን ፍላጎትና በእርግጥ ቢልዱ (ከኮዱ ተሰርቶ የሚወጣው ፕሮግራም) ውስጥ የገባውን ነገር ለያይቶ ማስቀመጥ ነው። ረዘም አድርጌ የምቆየውም እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ኤስኪውኤል ለሚያውቅና ግራፍ ዳታቤዝ ለመጀመር ላሰበ ሰው የተጻፈ ነው። በግራፉ ላይ ያለውን ነገር «ኖድ»፣ ሁለት ኖዶችን የሚያገናኘውን አቅጣጫ ያለው መስመር «ቀስት» እላለሁ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄዎቹን ጻፉ

ነጭ ሰሌዳ ላይ ክብ መሳል ከመጀመራችሁ በፊት መሣሪያው የሚመልሳቸውን ጥያቄዎች በተራ አማርኛ ጻፉ። ለእኛ መሣሪያ እነዚህ ይበቃሉ፦

- ይህ ቀዳዳ ያለበት ቨርዥን አሁን ፕሮዳክሽን ላይ በየትኞቹ ሰርቪሶች ውስጥ አለ?
- በምን መንገድ ገባ? የትኛውን የቀጥታ ጥገኝነት ብናሻሽል ይወጣል?
- ማን ነው የሚያስተካክለው?
- ባለፈው ወር ይሮጥ የነበረው ቢልድ ውስጥስ ነበር?
- ይህን የውስጥ ላይብረሪ ብንቀይር ማንን እንነካለን?

እያንዳንዱ ጥያቄ ሞዴሉ ላይ አሻራ ይተዋል። «አሁን» የሚለው ቃል ብቻውን የጊዜ መረጃ ያስገድዳል። «ማን» የሚለው የቲም ኖድ ይጠይቃል። ከጥያቄዎቹ አንዱንም የማይመልስ ኖድ ካያችሁ አውጡት። ወደፊት ሲያስፈልግ መጨመር ይቻላል፤ ግራፍ ላይ አዲስ የኖድ ዓይነት ማስገባት ቴብል ከመቀየር ይቀላል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንድ ነገር አስቡ። ሰርቪሶቻችሁ ጥቂት ከሆኑና የምትፈልጉት የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ከሆነ ፖስትግሬስኪውኤል ይበቃችኋል። ራሱን የሚደጋግም ኩዌሪ መጻፍ ይቻልበታል፣ ሰንሰለትም ይከተላል። አዲስ ዳታቤዝ ማለት አዲስ ባክአፕ፣ አዲስ ክትትል፣ አዲስ የሌሊት ጥሪ ማለት ነው። ግራፉ ዋጋውን የሚመልሰው «በምን መንገድ» እና «ማንን እንነካለን» የሚሉት ጥያቄዎች የየቀን ስራ ሲሆኑ ነው።

ምርት ስትመርጡ ብዙ አትጨነቁ። ኒዮፎርጄ በሰነድም በተጠቃሚም ብዛት ለጀማሪ ይመቻል። ሜምግራፍ ዳታውን ሚሞሪ ላይ ይዞ ይሰራል። ፖስትግሬስን መልቀቅ የማይፈልግ አፓቼ ኤጅን እላዩ ላይ መጫን ይችላል። ሦስቱም ሳይፈር የሚባለውን የኩዌሪ ቋንቋ ይረዳሉ። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ደግሞ ጂኪውኤል የተባለ ዓለም አቀፍ የአይኤስኦ መስፈርት አለ፤ አጻጻፉ ከሳይፈር ብዙ ወስዷል። ስለዚህ ሳይፈር ላይ የተማራችሁት ሌላ ምርት ጋ ብትሄዱም አይባክንም።

ደረጃ 2፦ ኖዶቹን ምረጡ

የመጀመሪያው ፈተና ፓኬጅን እንዴት እንደምናስቀምጥ ነው። አንድ ኖድ ሰርቶ ቨርዥኑን እንደ ባህርይ መለጠፍ ያምራል፣ ግን አይሰራም። ቀዳዳ የሚገኘው በቨርዥን ላይ ነው። ሰርቪስ የሚያስኬደውም ቨርዥንን ነው። ስለዚህ ቨርዥን የራሱ ኖድ ይሁን፣ ፓኬጅም የራሱ ኖድ ይሁን፦

(ፓኬጅ)-[ቨርዥን_አለው]->(ቨርዥን)

የተቀሩት ሰርቪስ፣ ቢልድ፣ ስብስብ፣ ቀዳዳ እና ቲም ናቸው። ሰርቪስ ማለት ስም ያለው፣ ባለቤት ያለው፣ ሰርቨር ላይ የሚሮጥ ነገር ነው። ቢልድ ከአንድ ኮሚት (ከተመዘገበ የኮድ ለውጥ) በአንድ የተወሰነ ጊዜ የወጣ ውጤት ነው፤ አንዴ ከተፈጠረ አይለወጥም። «ስብስብ» ወደሚለው በኋላ እመለሳለሁ።

ፈቃድ፣ የፕሮግራም ቋንቋ፣ የወጣበት ቀን የመሳሰሉትን መጀመሪያ ባህርይ አድርጓቸው። አንድ መረጃ ኖድ መሆን የሚገባው ከእሱ ተነስታችሁ ወደ ሌላ ነገር መጓዝ ስትፈልጉ ነው። የሕግ ክፍሉ «በዚህ ፈቃድ ስር ያለው ሁሉ» እያለ በየሳምንቱ የሚጠይቅ ከሆነ ፈቃድን ኖድ አድርጉት።

ደረጃ 3፦ ማንነትን አስተካክሉ

ብዙ ግራፍ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። አንድ ነገር ሁለት ኖድ ከሆነ ሰንሰለቱ ይቆረጣል፤ ሁለት ነገር አንድ ኖድ ከሆነ የሌለ ችግር ይታያል።

ሎግፎርጄ ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቀዳዳው ያለው «ሎግፎርጄ-ኮር» በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። «ሎግፎርጄ-ኤፒአይ» የተባለውን ብቻ የሚጠቀም ሰው በሎግፎርሼል አልተነካም። የድሮው የሎግፎርጄ 1 መስመር ደግሞ በሜቨን ላይ ጭራሽ ሌላ የቡድን ስም ያለው ሌላ ፓኬጅ ነው። «ሎግፎርጄ» የሚል አንድ ኖድ የሰራ መሣሪያ ሦስቱን አደባልቆ ግማሹን ድርጅት ያስደነግጣል።

መፍትሔው ፓኬጅ ዩአርኤል የሚባለውን የመለያ አጻጻፍ መጠቀም ነው። የማከማቻውን ዓይነት፣ የቡድኑን ስም፣ የፓኬጁን ስምና ቨርዥኑን በአንድ መስመር ይይዛል። ሳይክሎንዲኤክስና ኤስፒዲኤክስ የተባሉት የሶፍትዌር ዝርዝር (በፕሮግራሙ ውስጥ የገቡት ክፍሎች ዝርዝር) ፎርማቶች ሁለቱም ይቀበሉታል። እሱን የቨርዥን ኖድ ቁልፍ አድርጉት። ያለ ቨርዥን ያለው ክፍል ደግሞ የፓኬጁ ቁልፍ ይሁን።

ከማስገባታችሁ በፊት ግን አጽዱት። የፓይተን ማከማቻ በሆነው ፒዋይፒአይ ላይ በስም ውስጥ የትልቅና የትንሽ ፊደል ልዩነት ዋጋ የለውም፤ ሰረዝ፣ የታች ሰረዝና ነጥብም እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ሜቨን ላይ ግን እያንዳንዷ ፊደል ትቆጠራለች። ስለዚህ የማጽጃው ደንብ በየማከማቻው ይለያያል፣ ሁሉንም በአንድ ደንብ አትጨፍልቁ። የማጽጃ ኮዱ አንድ ቦታ ይኑር፤ ወደ ዳታቤዙ የሚገባ ሁሉ በዚያ በር ይለፍ።

ደረጃ 4፦ የተጻፈውንና የሆነውን ለዩ

የንድፉ ልብ ይሄ ነው።

አንድ ላይብረሪ የሚፈልገውን ነገር በፋይል ይጽፋል። ሜቨን ላይ ፖም ፋይል ነው፣ ኤንፒኤም በሚባለው የጃቫስክሪፕት ማከማቻ ላይ የፓኬጅ ጄሰን ፋይል ነው። የተጻፈው ብዙ ጊዜ ፍላጎት ነው፦ «ከ4.1 ጀምሮ፣ ከ5 በታች የሆነ ይሁን»። የትኛው ቨርዥን በእርግጥ እንደሚገባ የሚወስነው ቢልድ የሚሰራው መሣሪያ ነው፤ ውሳኔውም ከሰርቪስ ሰርቪስ ይለያያል።

ብዙዎች የሚስሉት ሞዴል ከቨርዥን ወደ ቨርዥን «ይጠቀማል» የሚል አንድ ቀስት ብቻ ነው። ምን እንደሚያመጣ እንይ። «ሀ» የተባለ ላይብረሪ ሎግፎርጄ-ኮር 2.14.1ን ይፈልጋል እንበል። የእናንተ ሰርቪስ «ሀ»ን ይጠቀማል፤ ግን ራሱ በቀጥታ 2.17.1ን ጽፏል። የቢልድ መሣሪያው ሜቨን ለሥሩ፣ ማለትም ለሰርቪሱ ራሱ፣ ቅርብ የሆነውን ስለሚመርጥ የሚገባው 2.17.1 ነው። ግራፉ ግን ከሰርቪሱ ተነስቶ በ«ሀ» አልፎ 2.14.1 ላይ ይደርሳል፤ «ተነክታችኋል» ብሎ ይጮኻል። ሐሰት ነው።

ተገላቢጦሹ ይብሳል። «ሀ» አዲሱን 2.17.1 ጽፏል። ነገር ግን የድርጅቱ ዋና ፖም ፋይል ውስጥ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ሎግፎርጄን በ2.14.1 ላይ ቆልፎታል። ሜቨን የተቆለፈውን ያስገባል። ግራፉ የላይብረሪዎቹን ፍላጎት ብቻ ስላየ «ሰላም ነው» ይላል። ሰርቨሩ ግን ክፍት ነው። በውሸት ጥሪ የሰለቸ ሰው ቢያንስ ያጣራል፤ ዝም የተባለ ቀዳዳን ማንም አያጣራውም።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ቀስቶች ይኑሩ። የመጀመሪያው ፍላጎትን ይመዘግባል፦

(ቨርዥን)-[ይፈልጋል]->(ፓኬጅ)

ልብ በሉ፣ ቀስቱ የሚያርፈው ፓኬጅ ላይ ነው። «ከ4.1 ጀምሮ» የሚል ፍላጎት አንድን ቨርዥን አልመረጠምና ወደ ቨርዥን ቀስት ሊኖረው አይገባም። የተጻፈው ገደብ እንዳለ የቀስቱ ባህርይ ሆኖ ይቀመጣል።

ሁለተኛው የሆነውን ይመዘግባል፦

(ቢልድ)-[ይዟል]->(ቨርዥን)

ይህን ከየት ታመጣላችሁ? ቢልዱ ካለቀ በኋላ ከሚወጣ የሶፍትዌር ዝርዝር፣ ወይም ከሎክ ፋይል (የተመረጡትን ቨርዥኖች ቆልፎ ከሚይዘው ፋይል)። እንደ ሳይክሎንዲኤክስ ያለ ፕለጊን በቢልድ ሰንሰለቱ ላይ ከተሰካ ዝርዝሩ በየቢልዱ በራሱ ይወጣል። ፖም ፋይልን ራሳችሁ አንብባችሁ ውሳኔውን ለመገመት አትሞክሩ። የሜቨንን ሕግ በሙሉ ደግሞ መጻፍ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው፤ መጨረሻ ላይም ከሜቨን ጋር ትጣላላችሁ።

አሁን አስቸኳዩ ጥያቄ በጣም አጭር ሆነ። ከቀዳዳ ወደ ቨርዥን፣ ከቨርዥን ወደ ቢልድ፣ ከቢልድ ወደ ሰርቪስ። አምስት ደረጃ መውረድ ቀርቷል፤ ሰንሰለቱን የመውረዱን ስራ ቢልዱ አስቀድሞ ሰርቶታል። ረጅሙ ጉዞ የሚያስፈልገው «በምን መንገድ ገባ?» ሲባል ነው። ያኔ በፍላጎት ቀስቶች ላይ ትጓዛላችሁ፤ ግን በየእርምጃው የምታርፉበት ቨርዥን በዚያው ቢልድ ውስጥ ያለ መሆኑን ታረጋግጣላችሁ፦

(ቨርዥን)-[ይፈልጋል]->(ፓኬጅ)-[ቨርዥን_አለው]->(ቨርዥን)

በዚህ ማጣሪያ የሚወጣው መንገድ በዚያ ቢልድ ውስጥ በእርግጥ ያሉ ቨርዥኖችን ብቻ ያሳያል። የመንገዱ የመጀመሪያ እርምጃ ደግሞ ቲሙ ማሻሻል ያለበትን የቀጥታ ጥገኝነት ይነግራችኋል። ለአልሚው የሚጠቅመው ይሄ ነው፤ አምስት ደረጃ ታች ያለ ስም ቢነገረው የሚያደርገው የለም።

ኤንፒኤም ላይ አንድ ጣጣ አለ። አንድ ፓኬጅ በአንድ ቢልድ ውስጥ በሁለትና ሦስት ቨርዥን ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ ማን የትኛውን እንዳገኘ ከፍላጎት ቀስት ብቻ አይታወቅም። የእኔ ምክር፦ የቢልዱን ሙሉ ዝርዝር ፋይል በፋይል ማከማቻ ውስጥ አስቀምጡ፤ አድራሻውን ቢልዱ ኖድ ላይ ጻፉ፤ መንገዱ ሲጠየቅና አሻሚ ሲሆን ብቻ ክፈቱት። ለእያንዳንዱ ቢልድ ሙሉ ዛፍ በግራፉ ውስጥ መትከል ዳታቤዙን ያሳብጠዋል፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ስለ ማበጥ ካነሳን «ስብስብ» የሚለውን ኖድ እንጨርሰው። 200 ሰርቪስ ያለው ድርጅት እያንዳንዱን በቀን 10 ጊዜ ቢልድ ቢያደርግ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ 300 ቨርዥን ቢኖር፣ በቀን 600,000 «ይዟል» ቀስት ይፈጠራል። አብዛኛው ቢልድ ግን ኮድ እንጂ ጥገኝነት አይቀይርም። ስለዚህ የቨርዥኖቹን ዝርዝር በቅደም ተከተል ደርድሩ፣ ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ አጭር መለያ) አውጡለት፣ ሃሹን የስብስብ ኖድ ቁልፍ አድርጉ፦

(ቢልድ)-[ስብስቡ]->(ስብስብ)-[ይዟል]->(ቨርዥን)

ዝርዝሩ ካልተለወጠ አዲሱ ቢልድ አንድ ቀስት ብቻ ጨምሮ ነባሩን ስብስብ ይይዛል። ፍላጎቱን ስትከተሉም «በዚያው ቢልድ ውስጥ ነው ወይ» የሚለውን ከስብስቡ ትጠይቃላችሁ።

የጊዜውን ነገር በሁለት ቀስት ጨርሱት። (ሰርቪስ)-[አሁን_ያስኬዳል]->(ቢልድ) ለዛሬ፣ (ሰርቪስ)-[ያስኬድ_ነበር]->(ቢልድ) ለትናንት። ሁለተኛው የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ይያዝ። አዲስ ቢልድ ሲወጣ የድሮው ቀስት ስሙ ይቀየራል። በአንድ ቀስት ላይ ቀን ለጥፎ ማጣራትም ይቻላል፤ ግን «አሁን» የሚለው ጥያቄ ከሌላው ሁሉ ይበዛልና የራሱ አጭር መንገድ ይገባዋል።

አንድ የተደበቀ ነገር ቀርቷል። አንዳንድ የጃቫ ጃር ፋይል (የጃቫ ፕሮግራም የሚታሸግበት) የሌላ ላይብረሪን ክፍሎች በሆዱ ይዞ ይመጣል። ዝርዝሩ ላይ ስሙ የለም፣ ፋይሉ ውስጥ ግን አለ። በሎግፎርሼል ሰሞን ብዙ ሰው የጃር ፋይሎችን እየከፈተ ቀዳዳው ያለበትን ጄኤንዲአይ-ሉክአፕ የሚባለውን ክላስ የፈለገው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን የሚያገኝ ስካነር ካላችሁ ውጤቱን (ቨርዥን)-[በሆዱ_ይዟል]->(ቨርዥን) ብላችሁ መዝግቡ፤ ዋናው ኩዌሪም ይህንን ቀስት ይከተል።

ደረጃ 5፦ ቀዳዳን ከቨርዥን ጋር አገናኙ

የደህንነት መረጃ ቋቶች የሚሰጡት ክልል ነው። ለሎግፎርሼል የተነኩት ከ2.0-ቤታ9 እስከ 2.3.1 በፊት፣ ከ2.4 እስከ 2.12.2 በፊት፣ ከ2.13.0 እስከ 2.15.0 በፊት ያሉት ናቸው። ሦስት ክልል ነው። ምክንያቱም ለድሮ ጃቫ ተጠቃሚዎች ተብለው 2.3.1ና 2.12.2 ኋላ ላይ ተጠግነው ወጥተዋል።

በኩዌሪ ሰዓት ቨርዥን ማወዳደር አትጀምሩ። እንደ ጽሑፍ ካወዳደራችሁት 2.9 ከ2.10 ይበልጣል። የሜቨን የቅደም ተከተል ሕግና የኤንፒኤም ሕግም አንድ አይደሉም። በወጡበት ቀን መደርደርም አያዋጣም፤ 2.12.2 የወጣው ከ2.15.0 በኋላ ነው። ስለዚህ ንጽጽሩን ዳታው ሲገባ፣ የየማከማቻውን ሕግ በሚያውቅ ላይብረሪ ሥሩ። ውጤቱን ቀስት አድርጉት፦

(ቀዳዳ)-[ይነካል]->(ቨርዥን)

ክልሉን ራሱን ቀዳዳው ላይ አስቀምጡ። ያስፈልጋችኋል፣ ምክንያቱም ክልል ይለወጣል። 2.15.0 መፍትሔ ተብሎ ወጣ፤ ጥገናው ጎደሎ ሆኖ ተገኘና ሲቪኢ-2021-45046 መጣ። በዚያው ወር 2.16.0፣ 2.17.0 እና 2.17.1 ተከታትለው ወጡ። ስለዚህ ሁለት አጋጣሚ ላይ ስሌቱ እንደገና ይሰራ፦ የቀዳዳው መረጃ ሲታደስና አዲስ ቨርዥን ወደ ግራፉ ሲገባ። ሁለተኛው በቀላሉ ይረሳል። ከረሳችሁት ነገ የሚገባ አሮጌ ቨርዥን ንጹሕ መስሎ ይቀመጣል።

ደረጃ 6፦ ዳታውን ጫኑ

መጀመሪያ ለየቁልፉ «አይደገምም» የሚል ገደብ አኑሩ። ኒዮፎርጄ ላይ ገደቡ ኢንዴክስም ይፈጥራል። ያለ እሱ እያንዳንዱ ማስገባት ያለውን ኖድ ሁሉ ያስሳል፤ ሁለት ጫኚዎች እኩል ከሮጡ ደግሞ መንታ ኖድ ይወለዳል።

ሳይፈር ላይ «ካለ ፈልግ፣ ከሌለ ፍጠር» የሚለው ትእዛዝ መርጅ ይባላል። ሁለት ወጥመድ አለበት። አንደኛ፣ መርጅ ውስጥ ቁልፉን ብቻ አስገቡ፤ ሌላውን ባህርይ ከኖዱ መገኘት በኋላ ሙሉ። አለበለዚያ አንድ ባህርይ ሲለወጥ አዲስ ኖድ ለመፍጠር ይሞክራል። ሁለተኛ፣ ኖድ-ቀስት-ኖድን በአንድ መርጅ አትጻፉ። ሙሉው ቅርጽ ከሌለ ያሉትንም ኖዶች ጨምሮ ሁሉንም እንደ አዲስ ሊሰራ ይነሳል። ሁለቱን ኖዶች ለየብቻ አግኙ፣ ከዚያ ቀስቱን ብቻ መርጅ አድርጉ።

አንድ በአንድ አትላኩ፣ በሺህ እየጠቀለላችሁ ላኩ። ኖዶች ይቅደሙ፣ ቀስቶች ይከተሉ። ያው ፋይል ሁለት ጊዜ ቢጫን ግራፉ መለወጥ የለበትም። የቢልድ ሰርቨር ደጋግሞ ይልካል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፤ ድጋሚ መጫን የዕለት ተዕለት ነገር ነው።

ማጥፋት ላይ ቆጠብ በሉ። በማርች 2016 ሌፍት-ፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ ብቻ የነበራት ፓኬጅ በባለቤቷ ከኤንፒኤም ተነሳችና በዓለም ዙሪያ ብዙ ቢልዶች ተሰበሩ። አንድ ቨርዥን ከማከማቻው ቢጠፋ ከሰርቨራችሁ አይጠፋም። ኖዱን «ተነስቷል» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት እንጂ አትሰርዙት። የሚሰረዘው ሰርቪስ ላይ ወጥቶ የማያውቅ የቆየ ቢልድ ነው። እሱም ሲሄድ ማንም ያልያዘው ስብስብ ተከትሎት ይጽዳ።

ደረጃ 7፦ ኩዌሪው እንዳይፈነዳ

አስቸኳዩ ጥያቄ በመጨረሻው ሞዴል ላይ ይህን ይመስላል፦

(ቲም)-[ባለቤት]->(ሰርቪስ)-[አሁን_ያስኬዳል]->(ቢልድ)-[ስብስቡ]->(ስብስብ)-[ይዟል]->(ቨርዥን)<-[ይነካል]-(ቀዳዳ)

ከቀዳዳው መለያ ተነሱ፣ ወደ ግራ ተጓዙ። መነሻው አንድ ኖድ ስለሆነ ፈጣን ነው። በሆዳቸው የያዙትንም እንዲያገኝ «ይዟል» ከሚለው ቀጥሎ «በሆዱ_ይዟል» የሚለውን ከዜሮ እስከ ሁለት እርምጃ ፍቀዱ።

አደጋው ያለው በረጅሙ ጉዞ ላይ ነው። በየደረጃው ሁለት አማራጭ መንገድ እየሄደ እንደገና የሚገናኝ ግራፍ አስቡ። በ20 ደረጃ ውስጥ ያሉት ኖዶች ጥቂት ደርዘን ናቸው። መንገዶቹ ግን 1,048,576 ናቸው። ርዝመቱ ያልተገደበ ተራ የሳይፈር ፍለጋ እያንዳንዱን መንገድ ይዘረዝራል። ኤንፒኤም ላይ ደግሞ ፓኬጆች በክብ ሊጠራሩ ይችላሉ። ሳይፈር በአንድ መንገድ አንድን ቀስት ሁለት ጊዜ ስለማይረግጥ ለዘላለም አይዞርም፤ ግን እስኪጨርስ ትሰለቻላችሁ።

ስለዚህ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምፈልገው መድረሱን ነው ወይስ መንገዱን? መድረሱን ብቻ ከሆነ እያንዳንዱን ኖድ አንዴ ብቻ የሚረግጥ ፍለጋ ተጠቀሙ። ኒዮፎርጄ ላይ አፖክ የሚባለው ተጨማሪ ላይብረሪ ይህን ያደርጋል፤ ከሜምግራፍ ጋር ደግሞ በወርድ (ደረጃ በደረጃ) የሚሄድ ፍለጋ አብሮ ይመጣል። መንገዱን ከፈለጋችሁ አጭሩን አንድ መንገድ አውጡ። ሺህ መንገድ የሚያነብ ሰው የለም። የርዝመት ጣሪያም አኑሩ፤ ጣሪያው ላይ ሲደረስ መሣሪያው በግልጽ ይናገር እንጂ ዝም ብሎ አይቁረጥ።

ሌላው ራስ ምታት ሁሉም የሚያውቀው ኖድ ነው። ጄዩኒት የጃቫ ሙከራ መጻፊያ ነው፣ ስንቱ ፕሮጀክት እንደሚፈልገው አስቡት። ወደ እሱ የሚገባውን ቀስት ወደ ኋላ የተከተለ ኩዌሪ ዳታቤዙን በሙሉ ይጎትታል። መፍትሔው ፍላጎትን በዓይነቱ መክፈል ነው፦ «ይፈልጋል_ለስራ» እና «ይፈልጋል_ለሙከራ» የተለያዩ ቀስቶች ይሁኑ። ኒዮፎርጄ ብዙ ቀስት ያለበትን ኖድ ቀስቶቹን በዓይነት ቡድን ከፍሎ ስለሚይዝ፣ የማትፈልጉትን ቡድን ሳይነካው ያልፋል። በባህርይ ብታጣሩ ግን እያንዳንዱን ቀስት ከፍቶ ማየት አለበት።

በሁለት አቅጣጫ ቀስት መሳል አያስፈልግም። «ይፈልጋል» ካለ «ይፈለጋል» የሚል ተገላቢጦሽ አትጨምሩ። ዳታቤዙ በሁለቱም አቅጣጫ በእኩል ቅለት ይሄዳል፤ ሁለተኛው ቀስት የሚያመጣው አንዱ ተስተካክሎ ሌላው የሚረሳበትን ቀን ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ ፈትሹ

በእጅ የተሰራ ትንሽ ግራፍ ያዙ። ሃያ የማይሞላ ኖድ ይበቃል፤ ግን አስቸጋሪዎቹ ሁሉ ይኑሩበት። በክብ የሚጠራሩ ሁለት ፓኬጆች፣ ተለያይቶ የሚገናኝ መንገድ፣ ዋናው ፖም የቆለፈው አሮጌ ቨርዥን፣ በሆዱ ሌላ የያዘ ጃር፣ በአንድ ቢልድ ውስጥ ሁለት ቨርዥን፣ ለሙከራ ብቻ የሚፈለግ ላይብረሪ። የአምስቱን ጥያቄዎች ትክክለኛ መልስ በእጃችሁ ጻፉ። ኩዌሪ በተነካ ቁጥር ይህ ፍተሻ ይሩጥ።

ከዚያ ወደ እውነተኛው ዓለም ውጡ። አንድ ሰርቪስ ምረጡና የሜቨንን የጥገኝነት ዛፍ የሚያወጣውን ትእዛዝ አስኪዱ። ያወጣው ዝርዝርና የግራፉ ስብስብ ቨርዥን በቨርዥን መግጠም አለባቸው። ካልገጠሙ ሜቨንን እመኑ። ይህን ንጽጽር በየሳምንቱ ከየቲሙ አንድ ሰርቪስ እየወሰደ የሚሰራ ትንሽ ስክሪፕት ብትጽፉ፣ ማጽጃው ወይም ጫኚው መስመር የሳተበትን ቀን ቶሎ ታውቃላችሁ።

ወደ ኮዱ ውስጥ መውረድ ስትፈልጉ

መሣሪያው ሲለመድ ቀጣዩ ጥያቄ ይመጣል፦ «ላይብረሪው አለ፤ ግን ቀዳዳ ያለበትን ፈንክሽን እንጠራዋለን ወይ?» ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የማንቂያ ጋጋታውንም ይቀንሳል። እዚህ መስክ የሚታወቀው ጆርን የተባለው መሣሪያ ነው። የኮዱን አገባብ ዛፍ (ኮዱ ከየትኞቹ ክፍሎች እንደተዋቀረ የሚያሳይ)፣ የአፈጻጸም ፍሰትና የዳታ ጥገኝነት በአንድ ግራፍ ያጣምራል። ሐሳቡ በ2014 በወጣ የምርምር ጽሑፍ የታወቀ ነው።

ያንን ሁሉ ግን እኛ በሰራነው ዳታቤዝ ውስጥ አትክተቱ። የአንድ መካከለኛ ፕሮጀክት አገባብ ዛፍ ብቻውን ከድርጅቱ ጠቅላላ የጥገኝነት ግራፍ ሊበልጥ ይችላል። በየኮሚቱም ይለወጣል። ትንተናውን በጆርን ወይም በመሰሉ ለብቻ ሥሩ፤ ወደ ግራፉ የሚገባው ውጤቱ ብቻ ይሁን፦

(ስብስብ)-[ይጠራል]->(ፈንክሽን)<-[ያለበት]-(ቀዳዳ)

ጥሪው የሚወሰነው በራሳችሁ ኮድም ስለሆነ፣ ስብስቡ ሳይለወጥ ኮዱ ብቻ የሚለወጥበትን ለመያዝ ከፈለጋችሁ ቀስቱን ከቢልዱ አስነሱት። የፈንክሽኑን ማንነት በመስመር ቁጥር አትያዙ፤ አንድ ሰው ከላይ ባዶ መስመር ቢጨምር ሁሉም ይዛነፋል። የፓኬጁ ቁልፍ፣ የክላሱ ሙሉ ስም፣ የፈንክሽኑ ስምና የሚቀበላቸው ዓይነቶች ተጣምረው ይለዩት። ትንተናው «አይጠራም» ካለም ውጤቱን የማንቂያ ደረጃ ለመቀነስ ተጠቀሙበት እንጂ ሰርቪሱን ከዝርዝሩ አታውጡት። ጃቫ ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ በስም ፈልጎ ፈንክሽን መጥራት ይፈቅዳል፤ ኮዱን ሳያስኬድ የሚያነብ መሣሪያ እንዲህ ያለውን ጥሪ ሁልጊዜ አያየውም።